ሽማግሌ ቢበዛ የማይዛወር ሚዛን

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ንቦችሽስ ይሄን ዝናብ ቻሉት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንዲያውም በተማርኩት ነገር ደስታ ቢያቅበጠብጠኝ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ እስከ ቤት ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ መጣሁ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ አሲድና አልኮል ቀላቅለን ጣፋጭ ሽታ ያለው ፈሳሽ እየሠራን ነበር። ሥራው ቀርፋፋ ስለሆነ ካታሊስት የሚሉት አፋጣኝ ጠብ ይደረግበታል። እኔ ችኩሏ፣ ከጓደኛዬ ከቢሊሴ የበለጠ ላገኝ ብዬ ደጋግሜ ጨመርኩበት። የኔ ቀድሞ ደረሰ፤ ስንለካው ግን የእሷም የኔም ያው ሆነ። ቢሊሴ እስኪደክማት ሳቀችብኝ። መምህራችን ሲያስረዱን፣ ካታሊስት የመንገዱን አቀበት ዝቅ ያደርጋል እንጂ መድረሻውን አይለውጥም፤ ወደ ፈሳሹ የሚሄደውንም ወደ አሲድና አልኮል የሚመለሰውንም እኩል ነው የሚያፋጥነው አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን እንዲዛወር ከፈለጋችሁ ከውስጡ የሚወጣውን ውሃ አስወግዱ፣ ሁኔታውን ለውጡ አሉን።

ያኔ ማን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? አባባ። ሱቁን ወደ መቱ ሲያዛውር አንቺ ቀፎዎቼን ሸጬ አልሄድም ብለሽ ሁሩሙ ከቀረሽ ወዲህ፣ ሽማግሌ ሲልክብሽ ነው የከረመው። ጋሼ ነዚፍ ብቻቸውን አልሆን ሲላቸው ሌላ ጨመረ፣ እሱም አልሆን ሲል ሸሁን ጨመረ። እራት ላይ የልቤን ነገርኩት። ሽማግሌ ቢበዛ እሺውንም እምቢውንም ቶሎ ያመጣዋል እንጂ መልሱን አይለውጠውም አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ታዲያ ምኑን ልለውጥ ብሎ ጠየቀኝ። አባባ እኔን ምክር ሲጠይቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቀፎዎቿን ሽጪና ነይ ማለቱን ተው አልኩት።

ዛሬ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ለአጎቴ ለመህዲ አስረከበው። ሌላውን እኔ አልነግርሽም።

ካታሊስት፣ እማዬ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ራሱ ሳይለወጥ ይገኛል። ታረቃችሁም ተለያያችሁም እኔ የሁለታችሁ ልጅ ነኝ፤ ለኔ ብለሽ ምንም እንዳትወስኚ። ናፍቀሽኛል ግን፣ በጣም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ማርሽን ያብዛልሽ። ይህን ደብዳቤ የሰጠሽ ሰው ንብ እንደሚፈራ ታውቂያለሽና ደጅ አታቁሚው። በዚህ ጊዜ ሽማግሌ አላስከተለም፤ ራሱ ነው የመጣው።

ችኩሏ ልጅሽ