ቀብርሽ ውስጥ የወረደው ማን እንደሆነ

ለከዲጃ፣ ለኑር እናት፤

ይኸው ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሞላ። አላህ ማረፊያሽን ጀነት ያድርገው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ፣ እበላለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ማሳ እወርዳለሁ ማለቴ ነው። ለቅሶ ግን እስካሁን አልመጣልኝም። ጊዜው ሲደርስ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

እንደ ልማዴ በተራ ልጻፍልሽ። ይሄ ሰውዬ ሲቆጣ እንኳ በቁጥር ነው እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

አንደኛ፣ ፓፓያዋ አፈራች። የሚለቅማት የለም፤ ወፍ ይበላታል።

ሁለተኛ፣ የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ ሽንኩርቱ ሳምንት ሙሉ ተጠማ። አሁን ተሠርቷል።

ሦስተኛ፣ ልብስሽን ለሰደቃ ሰጠሁ። ቢጫዋን ሻሽ ብቻ አስቀረሁ። ለምን እንዳስቀረኋት አላውቅም።

አራተኛ፣ ኑር። ይህን ሁሉ የዞርኩት እዚህ ላለመድረስ ነው።

የመጀመሪያውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሴት ልጅ ወለድን። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ፀጉሯን ተቆረጠች፤ አንድ ቀን ቀሚስ፣ አንድ ቀን ሱሪ ለብሳ ትወጣ ጀመር። ምንድን ነው ነገሩ ብለን ጠየቅናት። አንዳንድ ቀን ሴት ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ወንድ ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁለቱም አይደለሁም፤ እኔ አልተጨነቅሁም፣ እናንተም አትጨነቁ አለችን። አንቺ ቀሚሱንም ሱሪውንም አጥበሽ አንድ ገመድ ላይ አሰጣሽው። እኔ ሱሪውን አወረድኩት፣ ጎረቤት እንዳያየው። ብዙም ሳትቆይ ደብረ ሲና ወጥታ ጎሚስታ ቤት ተቀጠረች፤ ጎማ ትፈታለች፣ ትለጥፋለች። አንቺ እህቴን ልጠይቅ እያልሽ ማንጎ ተሸክመሽ ያን ዳገት ስትወጪ፣ የምትሄጂው ወደ እሷ እንደነበር ያወቅሁት ካረፍሽ በኋላ ነው።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። የቀብርሽ ቀን ሱሪ ለብሳ፣ ኮፍያ አድርጋ መጣች። ሴቶቹ ቤት ሲቀሩ እሷ ከወንዶቹ ጋር ቃሬዛሽን ተሸክማ ወጣች። ከእኔ በቀር ያወቃት ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ አምስት ዓመት ያላያት ሰው በምን ያውቃታል? ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ኢማሙ፣ ሟቿ ሴት ናት፣ የሚያወርዳት ማህረም ይሁን፣ ባሏና የሥጋ ዘመዷ ይግባ አሉ። እኔ ገባሁ። ወንድምሽ ገባ። ሦስተኛ ሰው አስፈለገ። አንዱ ከኋላ፣ ወንድ ልጅ የላትም እንዴ ብሎ ጮኸ። ኑር ወደ ፊት መጣች። ይሄ ጎረምሳ ምኗ ነው አሉኝ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

የእህቷ ልጅ ነው አልኩ።

የእህት ልጅም ማህረም ነውና አስገቧት። ወንድምሽ ግን አውቋታል፤ አንገቱን ደፋ። በእግርሽ በኩል ተቀበለችሽ። ስንወጣ አፈሩን ከእጇ አራግፋ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ ያን የእህትሽን ልጅ ያመሰግንልኛል። የማሳ ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድማ፣ እንዲያው ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ካላገባ የኔዋን ልዳርለት እስከማለት ደርሰው ነበር። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ። ዘጠኝ ወር እንዲህ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ኑር መልእክት ላከችልኝ። ለአረፋ ልመጣ አስቤ ነበር፤ የእናቴ እህት ልጅ ሆኜ ከሆነ ግን ይቅርብኝ፣ ይላል። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ደግሞ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ የምፈራውን ወረቀት ላይ ዘረዘርኩት። መስጊድ ምን ይሉኛል፣ ገበያ እንዴት እወጣለሁ፣ ቦዩ ላይ ውሃ ይከለክሉኝ ይሆን፣ ይደበድቧት ይሆን፣ እያልኩ አሥራ አንድ አደረስኩት። መልሼ ሳነበው ስለ እሷ የሚያወራው አንዱ ብቻ ነው። አሥሩ ስለ እኔ ነበር።

ትላንት ጠዋት ጋሼ ሰይድ ውሃ ሊያዞሩ ሲመጡ፣ ቀብሩ ውስጥ የወረደችው ልጃችን ኑር ናት አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ደገምኩላቸው። አስተግፊሩላህ፣ ሴት ልጅ ጉድጓድ አስገባህ? አሉ። አካፋቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከዚያ፣ እሱስ እሺ፣ እናቷን ነው የቀበረች፤ አንተ ግን በሟች ፊት እንዴት አፍህን ሞልተህ ትዋሻለህ? ብለውኝ ሄዱ። ዛሬ በማሳዬ በኩል አላለፉም፤ በላይኛው መንገድ ዞረው ሄዱ። እስከ ጁምዓ የሮቢት ከተማ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ለኑር የላክሁት አጭር ነው። የፈለግሽውን ለብሰሽ ነይ፣ ልጄ ነሽ፣ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ አልኳት። እሺ አለች።

ፍርሃቱ እንዳለ ነው፣ ከዲጃ። ከደብረ ሲና የሚወርደው ሚኒባስ የሚደርሰው ቀትር ላይ ነው፣ መናኸሪያው በሰው ጢም ሲል። በማለዳው ነይ ልላት ዳድቶኝ ተውኩት። በሰው መሃል እቀበላታለሁ። ከዚያ በፊት ፓፓያ እለቅማለሁ።

እኔም እስክከተልሽ ድረስ ከየሶላቱ በኋላ ስምሽን አነሳለሁ። ማን ነው አፈር ያለበሳት የሚለኝ ካለም በተራ እነግረዋለሁ፣ አልረሳውም፤ እኔ፣ ወንድሟ፣ ልጇ።

ባልሽ