በብሌን አንገት ላይ የጠበበው ክር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ዓይኗን አላርገበገበችም። ለምሳ ከቢሮ ስመለስ ልጄ ብሌን መስኮቱ ጋ ቆማ ጉሙን ታያለች፤ ዓይኗ ፈጦ፣ ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ። «ማን አለ እዚያ?» አልኳት። «ማንም የለም እማ። ልቤ ግን የሆነ ሰው አይቷል» አለች። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው!

የሁለት ሰው ትበላለች፣ ትከሳለች። በዚህ ብርድ ያልባታል። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ ታለቅሳለች አሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ መጥተው አዩዋት። በር ላይ ያዙኝና «የኔ ልጅ፣ ይሄ የልጅ ዓይን አይደለም» አሉኝ። መቆጣት ነበረብኝ። ግን እኔም እንደዚያ ሳስብ ነው የከረምኩት።

ደግሞ ክታቡ። እናቴ ከጎጃም የላከችውን ጳጉሜ ላይ አንገቷ ላይ ሳስርላት፣ በክሩ ውስጥ ሁለት ጣቴ ያልፍ ነበር። ዛሬ ሳጥባት አንድ ጣት እንኳ አልገባ አለ። ልጅቷ ከስታ ክሩ ይጠባል? ቋጠሮው የኔው ነው፤ ማንም አልነካውም። እመብርሃን!

እትዬ አስካለ «መንፈሱ እየታሰረ ነው፤ ቅዳሜ ጠበል እስክንወስዳት እንዳትፈቺው» አሉ። አልፈታሁትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ትምህርት ቤት ወደቀች። መምህሯ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት፤ እየሮጥኩ ደረስኩ።

ነርሷ ክሩን ልትቆርጥ መቀስ ስታነሳ እጇን ያዝኩ። «አይሆንም! መንፈሱ ይለቀቅባታል!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷ ግን ረጋ ብላ ብሌንን «ምራቅሽን ዋጪ እስቲ» አለቻት። ዋጠች። ከክሩ ሥር አንድ ነገር ወደ ላይ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ።

እብጠት ነው። ክሩ አልጠበበም፤ አንገቷ ነው ያበጠው። ትናንት ሳጥባት ክሩን እንጂ አንገቷን አላየሁም። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ነርሷ ክሩን ቆረጠችው። የልቧን ምት ሰዓት እያየች ቆጠረችና ሐኪሙን ጠራች። «እንቅርት ይመስላል» አለኝ። «ይሄ እጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስሮጣል፤ ያከሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ዓይን ያፈጣል። ፍርሃቱም ከዚያ ሊሆን ይችላል። በደም ምርመራ እናረጋግጣለን።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ደሟ ጅማ ተልኳል። ልብ የሚያረጋጋ ኪኒን ጀምራለች። እትዬ አስካለ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ፤ «ዛሬ አንሄድም፣ ሐኪሙ ትረፍ ብሏል» ስላቸው አኮረፉ። ያኩርፉ።

ከሰዓት ፀጉሯን እየሠራሁ እውነቱን ነገርኳት። «ፈርቼሽ ነበር ብሌንዬ። ሳቅፍሽ ዓይኔን እጨፍን ነበር» አልኳት።

«እኔም ራሴን ፈርቼው ነበር፣ እማ» አለች።

ማበጠሪያውን ጥዬ እንባዬን ለቀቅኩት። ውጤቱ ሰኞ ይመጣል ብለዋል። ካልመጣ ራሴ ጅማ እሄዳለሁ።