ስማቸውን ሳልጠይቅ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እታለም? ጉልበትሽን ተሻለሽ? የልጆቹስ ሳል ለቀቃቸው? የባለቤትሽ ዓይን ከዚያ ከአናጢነቱ አቧራ ዳነለት? ከሁሉም በላይ እማማ እንዴት ናት? ይህን የመጨረሻውን ለወግ ያህል የጠየቅኩሽ እንዳይመስልሽ፤ ዛሬ እስክሪብቶ ያነሳሁት ለእሱ ብዬ ነው። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። በችኮላ ስለምጽፍልሽ ግን ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ። ደግሞ አደራ፣ መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው። ለእማማ የሚነበበውንና የማይነበበውን አንቺ ታውቂያለሽ።

በምሠራበት ክፍል አሥራ ሁለት አልጋ አለ። መስኮቱ ሥር፣ ሰባት ቁጥር ላይ፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር ተኝተው ነበር፤ ከጎናቸው ስምንት ቁጥር ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ። ሹፌሩ ልባቸው እየሮጠች ስላስቸገረቻቸው የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ ክኒን ይወስዳሉ። የሰዓት ሠሪው ልብ ግን ድሮውንም ቀርፋፋ ናት፤ የተኙትም ለእግራቸው ቁስል ነው። ሰኞ ከቁርስ በኋላ ሰዓት ሠሪው ብርሃን ናፈቀኝ ቢሉ፣ ሹፌሩ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን በመስታወት ሳይ ኖሬያለሁ ይበቃኛል ብለው አልጋቸውን ለቀቁላቸው። ተደጋግፈው ተቀያየሩ፣ ለማንም አልተናገሩም። ካርዳቸው ግን በየአልጋው ግርጌ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

እኔ ወደዚያ ክፍል ከተዛወርኩ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነበር፤ ፊታቸውን አልለየሁም። ከልጅነቴ ችኩል መሆኔን ታውቂያለሽ፤ እዚህም «ነፋሷ» ነው የሚሉኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሙን እወደው ነበር። ትምህርት ቤት ሳለን መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት አምስት ነገር በጣታችን እንድንቆጥር ተምረናል፤ ሰውየውን፣ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ አሰጣጡን፣ ሰዓቱን። እኔ አውራ ጣቴን ዘለልኩት። በሽተኛው ስሙን በራሱ አፍ መናገር አለበት። አባት የሚሆነኝን ሰው ስምዎ ማን ነው ማለት ግን ድፍረት እየመሰለኝ ሁሉንም «አባባ» እያልኩ ነው የማልፈው። እማማስ ያሳደገችን እንደዚያ አይደል? የሰባት ቁጥርን ካርድ አየሁ፤ ጠዋት የተቆጠረው የልብ ምት ዘጠና ሁለት ይላል። መልሼ አልቆጠርኩም። አባባ መድኃኒትዎ ብዬ ዘረጋሁላቸው፤ ሰዓት ሠሪውም መርቀውኝ ዋጡት።

ስምንት ቁጥር ጋ ስደርስ ሹፌሩ ሣቅ ብለው፣ የእኔን ፍሬን ዛሬ ለማን ሰጠሽብኝ አሉ። ያቺን ክኒን ፍሬን ነው የሚሏት። የሰባት ቁጥሩ ካርድ የእሳቸው መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ክኒኑ የወጣበት ልጣጭ ገና እጄ ላይ ነበር። ማንም አላየኝም። አልዋሽሽም፣ ልጣጩን ኪሴ ከተትኩት። ዝም ብል ምናልባት ምንም አይሆኑም፣ ብናገር ግን እንጀራዬ ነው የሚሄደው እያልኩ የክፍሉን ርዝመት አንድ ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። ሰዓት ሠሪው ፀሐያቸውን እየሞቁ ሌላ ምርቃት ጨመሩልኝ። እሱን አልቻልኩትም፤ ሮጬ ለኃላፊዋ ነርስ ነገርኳት።

አልጮኸችብኝም። ሐኪሙን አስጠራች፣ የልብ መቆጣጠሪያውን ሰዓት ሠሪው ደረት ላይ አስገጠመች፣ ለእኔም ወንበር ሰጥታ እጃቸውን ያዥ፣ በየሩብ ሰዓቱ የልብ ምታቸውን እየቆጠርሽ ጻፊ አለችኝ። ለጊዜው ደህና ነበሩ። ከዚያ ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ አንድ። አርባ አራት። አንዱ ምት መጥቶ ሌላው እስኪከተል ድረስ እኔም አልተነፍስም ነበር። እሳቸው ላብ አጥምቋቸው እንኳ ቀልድ አልተዉም፤ ይህች ሰዓት ወደ ኋላ ቀረች፣ ማን ነው የነካካት አሉኝ። እኔ ነኝ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ ክኒኑ የወትሮዬ አለመሆኑን አይቼ ነበር እኮ፣ ልጅ የሰጠችኝን እንዴት እመልሳለሁ ብዬ ነው አሉ። እኔም አክብሬ አልጠየቅኩ፣ እሳቸውም አክብረው አልጠየቁ፤ በመከባበር ልንገዳደል ነበር።

ሠላሳ ስምንት ሲገባ ሐኪሙ በደም ሥራቸው መርፌ ሰጣቸው። አመሻሹ ላይ ሃምሳ ስድስት ደረሱ፤ ዛሬ ቁርሳቸውን በልተዋል። አሁን ክኒን ስይዝ ስማቸውን እጠይቃለሁ፣ እሳቸውም እስከ አያታቸው ይነግሩኛል። የእኔ ጉዳይ ዓርብ ይታያል። እፈራለሁ።

ከዓርብ የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን እቤታችን ነው ያለው። ባለፈው ደብዳቤሽ፣ እማማ የግፊት ክኒኗ ሲያልቅባት ከአክስቴ ትበደራለች፣ እንደ ጨው ነው የሚዋዋሱት ብለሽኝ ነበር። ለጓደኞቼ አንብቤላቸው አብረን ስቀናል፤ ነርስ ሆኜ ሳቅሁ። ትናንት ደብዳቤውን አውጥቼ ደገምኩት። ከፓኮው ላይ ገልብጠሽ የጻፍሽልኝ የአክስቴ ክኒን ስም፣ ለሰዓት ሠሪው ከሰጠኋቸው ክኒን ስም ጋር አንድ ነው። ከታች ደግሞ፣ እማማ ሰሞኑን ስነሳ ያዞረኛል ትላለች ብለሻል።

ስልኩን ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ አልገባልኝም፤ ስለዚህ ይህን ነገ በማለዳ ለሚነሳ መንገደኛ እሰጠዋለሁ። እንደደረሰሽ የሁለቱን ክኒን ለዪ፤ በእማማ ፓኮ ላይ ቀይ ክር እሰሪበት። የራሷን አታስቁሚያት፣ የአክስቴን ግን ከእንግዲህ እንዳትነካ። ከዚያ ከአውራ ጣቷ ሥር የእጇን አንጓ በሁለት ጣትሽ ያዢና የግድግዳውን ሰዓት እያየሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። የማዞሩ ነገር ስላለ ቁጥሩ ምንም ይሁን ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ከሃምሳ በታች ከሆነ ደግሞ ለነገ አታሳድሪው። ክኒኖቹን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። ተይኝ ብትልሽ አትስሚያት፤ አክስቴም ቅር ይላታል ብለሽ አትፍሪ። ቅሬታ ይሽራል።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ መነጽሩን ያድርግ። ትልቁን ልጅሽንና ያቺን ነገረኛ ታናሿን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አክስቴን፣ በክፋት አይደለም በይልኝ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እክሳታለሁ። የእማማን ጉልበት ስመሽ፣ ደህና ናት በያት።

መልስ ስትጽፊልኝ ግን፣ እታለም፣ እንደ ወጉ በሰላምታ አትጀምሪ። ከወረቀቱ አናት ላይ፣ ከእንደምን አለሽ በፊት፣ ቁጥሩን ጻፊልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከነርሶች ማደሪያ፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን