ቀን በማታ ይጀምራል ያሉት የመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ካሳ የሕይወት ታሪክ

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ካሳ ከአባታቸው ከአቶ ካሳ ይስማውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሐረግ ኪዳኑ በ1949 ዓ.ም. በሰቆጣ አቅራቢያ ባለው በዝቋላ ወረዳ ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ ነው። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዜማና አቋቋም ተምረው፣ በሰቆጣ ከተማ በሚገኝ ደብር ከአርባ ዓመት በላይ አገልግለዋል። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ዓለምነህ ጋር በቁርባን ተጋብተው ኪዳኑንና እታገኝን ወልደዋል።

እስከዚህ ያለው ቀላል ነው። የቀረውን ግን እኔ የእህታቸው ልጅ መስታወት ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸው፣ ብዙ ጊዜም አስረድተውኝ፣ አሁንም በደንብ የገባኝ አይመስለኝም።

በ1987 ዓ.ም. በደብሩ ቅጥር ግቢ የዝናብ መለኪያ ተተከለ። በየዕለቱ የሚያነበው ሰው ሲፈለግ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይታጡት እርሳቸው ናቸውና ተመረጡ። ጠዋትና ማታ እየለኩ በደብተር ይጽፉ፣ ቅጂውንም በየወሩ ለሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ይልኩ ነበር። ባለቤታቸው "የዝናቡ ነፍስ አባት ሆኑ እንዴ?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከከተማው በታች የውሃ ማቆሪያ ለመሥራት ስብሰባ ተጠራ። አንድ ባለሙያ ተነሥተው የአካባቢው የዝናብ መረጃ ተፈልጎ አልተገኘም አሉ። የሃያ አንድ ዓመት ደብተር በቤታቸው ያስቀመጡት አጎቴ እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ደብተሩ እኔ ዘንድ አለ ቢሉም የሰማቸው አልነበረም። ማቆሪያው በግምት ተሠራ፤ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ ጥሶት የሰው ማሳ ይዞ ሄደ። መሪጌታ ያን ጊዜ አልቅሰዋል።

የላኩት ሁሉ የት ገባ? በ2015 ዓ.ም. ፀደይ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቅጂዎቹን በመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ "ቀኑ የተዛባ" ተብሎ ተጽፎባቸው አገኘቻቸው። መሪጌታ ከምሽት በኋላ የዘነበውን በማግስቱ ቀን ሥር ይመዘግቡ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀን የሚጀምረው በዋዜማው ማታ ነውና። የመሥሪያ ቤቱ ሰንጠረዥ ደግሞ የሌሊቱን ዝናብ ባለፈው ቀን ላይ ይፈልጋል። ፀደይ ቀኑን እናስተካክል ብትላቸው "የሚካኤልን ዝናብ ለሌላ ቀን አሳልፌ አልሰጥም" ብለው አንድ ዓመት ሙሉ አስቸገሯት። ማን ልክ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመጨረሻ ቁጥሩ ሳይነካ፣ ቀኑ እንዴት እንደተቆጠረ በመዝገቡ ራስጌ እንዲጻፍ ተስማሙ። በ2017 ዓ.ም. መዝገቡ ማንም በነፃ እንዲያወርደው በኢንተርኔት ተለቀቀ። ፀደይ በስልኳ "ሰቆጣ፣ ዝናብ" ብላ ስትጽፍ የእርሳቸው መዝገብ ወጣ። መሪጌታ ረጅም ጊዜ አዩትና "ለማቆሪያው ግን ዘገየ" አሉ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አረፉ። የሐኪሙ ወረቀት 11 ይላል። በእርሳቸው አቆጣጠር ግን 12፣ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት ነው። ኪዳኑና እታገኝ በዚህ ጽሑፍ የቱ ይግባ ብለው ሲከራከሩ፣ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል "ሁለቱንም ጻፉ፤ እንዴት እንደተቆጠረም ጻፉ። ኋላ የሚፈልጋቸው እንዳያጣቸው" አሉን። እንዳሉት አድርገናል።

መሪጌታ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች እቅፍ ያኑርልን። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን፤ አርባቸውን ከየትኛው ቀን እንደምንቆጥርም እርሱ ይግለጥልን። አሜን።