ማሪቱን ከአስፋልት ዳር የሚቀበሉት አቶ ዳኜ ተክሉ

አባታችን አቶ ዳኜ ተክሉ ከአባታቸው ከአቶ ተክሉ ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሽታዬ ገብሬ በ1934 ዓ.ም. ተጂ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል በቤተ ክርስቲያን ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ሰበታ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመካኒክነት አገልግለው በ1989 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

በ1961 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማሪቱ ደምሴ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። እናታችን ከሰበታ ተጂ ገበያ እየወጡ እህል ይነግዱ ነበር። በገበያ ቀን ሲመሽ አባታችን አስፋልት ዳር ወጥተው ከመኪና ይቀበሏቸዋል። ጆንያውን ወዛደር ይሸከም ሲባሉ «የእኔን ሚስት ሌላ ሰው አይቀበልልኝም» ይሉ ነበር።

እናታችን በ2003 ዓ.ም. ዐረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ አባታችንን የመርሳት ሕመም ያዛቸውና የእናታችንን ማረፍ ረሱ። በገበያ ቀን አስፋልት ካልወጣሁ ይላሉ። የምታስታምማቸው ልጃቸው እናትነሽ እውነቱን ስትነግራቸው እንደ አዲስ መርዶ እያለቀሱ «ድንኳኑን ማን ተከለ? ለምን ቀብሯ ላይ እንድቆም አላደረጋችሁም?» ይሏታል። በሳምንቱ ደግሞ «ማሪቱ አልመጣችም?» ብለው ይጠይቃሉ። ሳትነግራቸው ስትቀር መኪና ይገጫቸዋል ብላ በር ትቆልፋለች።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገድ በተዘጋበት ሰሞን፣ በሩ ሳይቆለፍ ቀርቶ ወጡ። ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል። ልጃቸው ሬሳቸውን የምታነሣ መስሏት እየሮጠች ብትሄድ፣ ጎረቤታችን ወ/ሮ ራቢአ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ወ/ሮ ራቢአ «ኦቦ ዳኜ፣ ዳንዲን ጩፋዻ! መንገዱ ተዘግቷል። እትዬ ማሪቱ ተጂ እህታቸው ቤት ያድራሉ» ብለዋቸው ነበር። አባታችን አላለቀሱም። «እንግዲያው የእህቷን ወሬ ስትሰማ ይንጋላት!» ብለው ሳቁና ወደ ቤት ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሲጠይቁ «መንገዱ ተዘግቷል» እንላቸው ነበር። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ መኪና ከተመላለሰ በኋላም በእኛ ቤት መንገዱ እንደተዘጋ ቆየ። ልጃቸው እስራኤል ከቡራዩ ሊጠይቃቸው ሲመጣ በእግሩ የመጣ እየመሰላቸው «እግሩን እጠቡለት» ይሉ ነበር፤ እሱም ጫማውን ያወልቃል።

ከ2009 ዓ.ም. ፋሲካ በኋላ ሕመሙ ጠናባቸው፤ መጠየቁንም ተዉ። ያን ጥያቄ ስትፈራ የኖረችው ልጃቸው በናፈቃት ጊዜ ራሷ «አባዬ፣ ማሪቱ እኮ ሳትመጣ ቀረች» አለቻቸው። ዐይናቸውን ገልጠው አዩዋትና «ማናት?» አሉ።

ሰኔ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። ስታስታምሟቸው ለነበራችሁ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ነፍሳቸውን አምላክ በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን። አባታችን እንደረሷቸው ስለሄዱ፣ እናታችን ቀድመው እንዲያውቋቸው እንለምናለን። አሜን።