ፈቃዳቸውን በገዛ እጃቸው የመለሱት የአቶ ሕሩይ አምሃ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሕሩይ አምሃ ከአባታቸው ከባሻ አምሃ ወልደ ኪሮስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋሉል በላቸው በሰኔ ወር 1949 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። ባሻ አምሃ በከተማው የታወቁ ነፍጥ ጠጋኝ ስለነበሩ፣ ልጃቸው ፊደልና ሞረድ የጨበጡት በአንድ ዘመን ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ደሴ አጠናቀው ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በቶርኖ ሙያ ሠለጠኑ፤ በብረታ ብረት ሥራም ለዓመታት አገለገሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ወደ ስዊድን መጥተው መኖሪያቸውን በዋና ከተማው ዳርቻ በሄሰልቢ አደረጉ። በ1994 ከወይዘሮ አክበረት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ሀኒን ወለዱ። በአዘቦት ቀን በማሽን ፋብሪካ እየሠሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኡፕላንድስ ቬስቢ ወደሚባል አቅራቢያ ከተማ እየሄዱ የአዳኞችን ጠመንጃ የሚጠግኑ በርቲል የሚባሉ አዛውንትን ያግዙ ነበር። በርቲል ጡረታ ሲወጡ ሱቁን ለማንም ሳይሆን ለእሳቸው ማስረከብ ፈለጉ።

ሱቁ ይሸጣል፤ ፈቃዱ ግን አብሮ አይሸጥም። በዚህ አገር የጦር መሣሪያ ንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውየው እንጂ ለግድግዳው አይደለም። ለመሸጥ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የሰው ጠመንጃ ለጥገና ለመረከብም እንደዚሁ። ፖሊስ ጠባያቸውን፣ ሙያቸውን፣ የካዝናቸውን ጥንካሬ ሳይቀር መረመረ። ወዳጅ ዘመድ “ምን አጣህና ነው ከመሣሪያ ጋር የምትታገለው?” እያለ ቢመክራቸውም ታግሠው በ2004 ፈቃዱን ተቀበሉ። የሚገርመው፣ በሕይወታቸው አንድ ሚዳቋ እንኳ አልገደሉም። ሲጠግኑ እንጂ ሲተኩሱ ደስ የሚላቸው ሰው አልነበሩም።

ለሕጉ የነበራቸው ጥንቃቄ ዘመድ የሚያስቀይም ነበር፤ አስቀይሞም ያውቃል። አንድ ጊዜ ሄሰልቢ በተደረገ ሠርግ የሙሽራው ወገኖች ለፉከራ የሚሆን ጠመንጃ ለአንድ ምሽት እንዲያውሷቸው ሽማግሌ ላኩባቸው። ጋሼ ሕሩይ ሽማግሌዎቹን በክብር ምሳ አብልተው ባዶ እጃቸውን ሸኙ። ቅያሜ እንዳይሆን ግን ከተራረፈ የሰደፍ እንጨት ጠመንጃ ቀርጸው ለሠርጉ አደረሱ። ፉከራውም ደመቀ፣ ሰላምም ወረደ።

የካዝናውን ቁጥር ለማንም አልነገሩም። ሕጉ ፈቃድ የሌለው ሰው ጠመንጃው ዘንድ እንዳይደርስ ስለሚያዝ፣ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ በእጃቸው የሆነው ወይዘሮ አክበረት ይህን አንድ ነገር እስከ መጨረሻው አላወቁም። ሙያውን ተምራ ሱቁ ውስጥ የምትሠራው ሀኒም ብትሆን የራሷን ፈቃድ ሳታገኝ አይነገርሽም ተብላ ነበር።

ሀኒ ማመልከቻዋን አስገብታ መልስ በምትጠብቅበት በ2023 መከር፣ ኤልግ የሚባለው የዚህ አገር ትልቅ አጋዘን አደን ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አዳኞች ጠመንጃቸውን ሊወስዱ ሱቁን ሞሉት። ጋሼ ሕሩይ ካዝናው ፊት ቆሙ፤ ቁጥሩ ግን ከአእምሯቸው ጠፋ። ደጋግመው ቢሞክሩም አልመጣላቸውም። ሀኒ አዳኞቹን ይቅርታ ጠይቃ ሸኘች።

ቤተሰቡ መከረ። ቁልፉ ተበላሽቷል ብለን ባለሙያ እናስከፍተው፣ የሀኒ ፈቃድ እስኪመጣ ዝም እንበል ተባለ። ፍርሃታችን ሱቁ መዘጋቱ ብቻ አልነበረም፤ በአባቷ ምክንያት የሀኒም ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል ብለን ነበር። ጋሼ ሕሩይ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ “ዛሬ ቁጥሩን የረሳሁ ሰው ነገ ካዝናውን መዝጋት እረሳለሁ። እኔ ከእንግዲህ ለዚህ ሥራ አልታመንም” አሉ። በማግስቱ ራሳቸው ለፖሊስ ደውለው ነገሩ፤ ፈቃዳቸውንም መለሱ። ካዝናው በባለሙያ ተከፈተ፣ ጠመንጃዎቹም ፈቃድ ላለው ሌላ ነጋዴ ተላለፉ። የሱቁ በር ተዘጋ። ወይዘሮ አክበረት በጣም አዘኑ፤ ለብዙ ጊዜም አኮረፉ። ጋሼ ሕሩይ ግን አንድ ቀን እንኳ ተጸጽተው አላየናቸውም።

ሐኪሞች የመርሳት ሕመም መሆኑን አረጋገጡ። ሕመሙ እየጠና ሄዶ እዚያው ኡፕላንድስ ቬስቢ ወደሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። የሀኒ ፈቃድ የዘገየ ቢሆንም በ2024 የጸደይ ወራት ተሰጣት፤ ሱቁም ተከፈተ።

በዓመቱ ወይዘሮ አክበረት ባለቤታቸውን ለሽርሽር አውጥተው ወደ ሱቁ ወሰዷቸው። ጋሼ ሕሩይ እንደገቡ ማንንም ሳያናግሩ፣ እግራቸው በለመደው መንገድ፣ ጠመንጃ ወደሚጠገንበት የውስጥ ክፍል አመሩ። ሀኒ ከመሥሪያ ጠረጴዛዋ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች። አባቷ እንዳላወቋት ከዓይናቸው ገባት። ዕድሜ ልኳን በስዊድንኛ የምትመልስላቸው ልጅ ያን ዕለት በአማርኛ፣ ያውም በአንቱታ፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ከዚህ አያልፍም” አለቻቸው። እሳቸውም ቆብ አውልቀው እጅ ነሡ። “ልክ ነሽ የኔ ልጅ። ያሳደገሽ ይባረክ” ብለው መረቋት፤ ከዚያም ወደ ደንበኞች ወንበር ሄደው ተቀመጡ።

አቶ ሕሩይ አምሃ በሳንባ ምች ታመው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አክበረትን፣ ልጃቸውን ሀኒን፣ የልጅ ልጃቸውን ሄርሜላን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ታየችንና ይህን ታሪክ የጻፍነውን የእህታቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያግባልን፤ የቀሩትንም ያጽናልን። እኛ ለእሳቸው የሚሆን ምርቃት ብንፈልግ፣ እሳቸው ለማን እንደሆነ ሳያውቁ ከተናገሩት የተሻለ አላገኘንም። ሀኒን ያሳደጉ ይባረኩ። አሜን።