እነዚህን ሰዎች ቀስ በሉ በላቸው

ይድረስ ለአንተ፣ ለልጃችን ለሰላም አባት፣ ለአያሌው።

ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። በደብዳቤ ወግ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፤ የአንተን ለወሰደህ አምላክ ትቼ የእኛን ልንገርህ። ደህና ነን። የቤታችን ቆርቆሮ ከንፋስ መውጫ ነፋስ ጋር እንደተጣላ አለ፤ አንተ የመታኸው ምስማር ግን እስካሁን አልተነቀለም። የወገዳው ወንድምህ ዘንድሮም ገብስ ልኮልናል። ሱቅህን ምናሉ ይዞታል። ዐሥር ዓመት ከአንተ ጋር ቴፕና ራዲዮ ሲፈታ የኖረ ሰው ዛሬ የሞባይል መስታወት ሲቀይር ይውላል። ወንበርህ ላይ ግን አይቀመጥም።

የምጽፍልህ በዚያ በጊታር ካሴትህ የተነሳ ነው። ጎንደር ሙያ ስትማር የገዛኸው፣ እኔ ወፍጮ ቤት ብዬ የሰየምኩት። ፈረንጆቹ ጊታር ይምቱ በር ይስበሩ ሳይለይልኝ ከሃያ ዓመት በላይ አብሬህ ሰማሁት። ሙት ዓመትህ እስኪወጣ በቤታችን ዘፈን አልተከፈተም፤ ሐዘን ነው፣ ሰውም አለ። ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት ግን እንደ አንተ ልማድ ከፈትኩት። የማልወደው ነገር እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ አንተ ያለህበት ቤት ይመስለኛል።

ባለፈው ወር ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩን በእስክርቢቶ ብጠመጥመውም መሀል ላይ ተጨማዷል። ባሕር ዳር ላለችው ለሰላም ብነግራት፣ ያ አልበም ድምፁ ታድሶ፣ ሪማስተር ተደርጎ በሲዲ እንደገና ወጥቷል፣ ልግዛልሽ አለችኝ። አሮጌውን ቴፕም ምናሉ ለመለዋወጫ ይውሰደው አለች። ያው ዘፈን ሁለት ጊዜ ይገዛል ወይ አልኳት። ጩኸቱ ጠርቶ ይሰማል አለችኝ። ጩኸት ጠራ አልጠራ ያው ጩኸት ነው ብዬ ተከራከርኩ። አልሰማችኝም፣ ያንተ ልጅ አይደለች፤ ገዝታ ከነማጫወቻው ይዛ መጣች።

እውነቱን እነግርሃለሁ። ካሴቱ ላይ የነበረው የሽሽሽ ድምፅ የለም። ከጩኸቱ ሥር አንድ ሌላ ጊታር ለብቻው ቀስ ብሎ ሲያንጎራጉር ሰማሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ነበረ ለካ። ግን ይሮጣሉ። ቤታቸው እየተቃጠለ የሚዘፍኑ ይመስላሉ። ዘፋኙንም እኔ ወፍራም ድምፅ ያለው ሽማግሌ አድርጌ ነበር የማውቀው፤ ቀጭን ድምፅ ያለው ጎረምሳ ሆኖ መጣ። አለቀስኩ። ይቺንም ወሰዱብኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት። አበላሽተውታል፣ መልሺላቸው አልኳት።

ሰላም የካሴቱን ሽፋን አገላብጣ አየች። እዚህ የተጻፈው የዘፈኖቹ ደቂቃ ከአዲሱ ጋር አንድ ነው፣ የተበላሸው የእኛ ቴፕ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው አለችኝ። ይህ ደግሞ ባሰብኝ። የአገሩን ቴፕ ሁሉ የሚጠግን ሰው የገዛ ቤቱ ቴፕ ተበላሽቶ ሳያውቅ ሞተ መባሉን አልወደድኩትም። በነጠላ ጠቅልዬ ምናሉ ዘንድ ወሰድኩት።

ምናሉ በካቻቢቴ ከፈተው። ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ። ከሞተሩ ጀርባ ፍጥነት የምታስተካክል አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ወደ ቀስታው ዞራ፣ እንዳትነቃነቅ በቀይ ቀለም ታሽጋለች። በጥፍሩ ፋቅ አደረገና የጥፍር ቀለም ነው አለ። ጋሸ አስተካክሎ የጨረሰውን ነበር በቀለም የሚያሽገው፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አውቆ ያደረገው ነው አለኝ።

እዚያው ሱቅህ በር ላይ ትዝ አለኝ። ሰላምን አርግዤ ራሴን ሲፈልጠኝ፣ ከአልጋ ሆኜ እነዚህን ሰዎች ቀስ በሉ በላቸው ብዬህ ነበር። እሺ እነግራቸዋለሁ አልከኝ እንጂ ሌላ አልተናገርክም። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ለዘብ ሲልልኝ ለመድኩት አልኩ። በዚያው ሰሞን ቀዩ የጥፍር ቀለሜ ጠፋ። ከወገዳ ልትጠይቀኝ የመጣችውን እህትህን የሺን ጠረጠርኳት፣ ፊቴንም አጠቆርኩባት። አንተ ቆሎህን እየቆረጠምክ ዝም አልክ። ይቺን ዝምታህን ስንገናኝ እንነጋገርባታለን።

ባለፈው ሳምንት ያንን መንገድ እየተንገጫገጭኩ ወገዳ ወርጄ የሺን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አዲስ የጥፍር ቀለምም ይዤላት ነበር። እጇን ዘርግታ በአረም የተበላ ጥፍሯን አሳየችኝና ይሄን አይተሽ ነው የጠረጠርሽኝ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ስለ አንተ አብረን አለቀስን።

አያሌው፣ ከምንም በላይ የምትወደውን ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ለእኔ ራስ ብለህ በቀስታ ሰማኸው። አንድ ቀን እንኳ ውለታ አልቆጠርክብኝም። ሰላም ተወልዳ፣ ሕመሙ ለቆኝ እንኳ ብሎኗን አልመለስካትም። አመሰግንሃለሁ። ስትኖር ያላመሰገንኩህንም ጨምሬ ነው። በዚህ ቤት ሌላስ ምን ምን አላልተህልኝ ይሆን እያልኩ በሩንም መስኮቱንም አያለሁ።

ሲዲውን መግዛትሽ ደግ ነው፣ አትመልሺው ብዬ ለሰላም ነግሬያታለሁ። ምናሉም ብሎኗን ላስተካክላት ሲለኝ እንዳትነካ አልኩት፤ ላስቲኩን ብቻ ቀየረልኝ። አሮጌው ቴፕ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ካሴትህም የተጨማደደችው ቦታ ላይ ድምፁ እየታፈነ ያልፋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮው በቀስታ እሰማዋለሁ። የሞትክበት ቀን በየዓመቱ ሲመጣ ግን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አዲሱን እከፍተዋለሁ፤ በሩጫው፣ ጎንደር ሆነህ መጀመሪያ እንደወደድከው። ራሴን ቢያመኝም ቀስ በሉ አልላቸውም።

ባለቤትህ